ነፍስ፣ ማንቁርት፣ ካፖሲ

የሀንጋሪ ሰው አገሩን በስሙ ላይ ማኖር ሲፈልግ በቦታው ስም መጨረሻ «ኢ» የምትል ድምፅ ይቀጥላል። እኛ ከጎንደር ጎንደሬ፣ ከጎጃም ጎጃሜ እንደምንለው መሆኑ ነው። በዚያ አገር ደቡብ ምዕራብ ካፖሽ የሚባል ወንዝ አለ፤ በዳሩ የተቆረቆረችው ከተማ ካፖሽቫር ትባላለች፤ «ቫር» ምሽግ ማለት ነው። በ1837 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያች ከተማ ከአይሁዳውያን ወላጆች ሞሪትዝ ኮን የተባለ ልጅ ተወለደ። አድጎ ቪየና ገባ፤ የቆዳ ሐኪም ሆነ፤ የመምህሩን የፈርዲናንድ ፎን ሄብራን ልጅ አገባ፤ ካቶሊክ ሆነ፤ በ1871 ደግሞ ኮን የሚለውን የቤተሰብ ስም ትቶ ካፖሺ ተባለ። በእኛ አፍ ቢሆን «ካፖሼ» እንለው ነበር።

በዓመቱ፣ በ1872፣ ይህ ካፖሼ ቆዳቸው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው እብጠት የወጣባቸውን አምስት ወንዶች ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ለበሽታው ያወጣለት ስም ረጅም ነበር፤ መነሻው የማይታወቅ፣ ብዙ ቦታ የሚወጣ፣ ቀለም ያለው የቆዳ ሳርኮማ የሚል። ሃይንሪሽ ኮብነር የሚባል ሌላ የቆዳ ሐኪም በ1891 በሽታው በገላጩ ስም ይጠራ አለ፤ ስሙም ጸና። ሀንጋሪዎቹ በ«ሽ» የሚጠሩት ቃል በእንግሊዝኛ ንባብ በኩል «ስ» ሆኖ ደረሰን። ዛሬ በእኛ ሆስፒታል አንዲት ነርስ «ካፖሲ አለበት» ስትል የዚያን የካፖሽ ወንዝ ዳር ተወላጅ ስም እየጠራች ነው።

«ሳርኮማ» ከግሪክ የመጣ ነው። «ሳርክስ» ሥጋ፣ «ሳርኮማ» የበቀለ ትርፍ ሥጋ። የዛሬ ሐኪሞች በዚህ ስም የሚጠሩት ከጡንቻ፣ ከአጥንት፣ ከስብና ሰውነትን አያይዞ ከሚይዘው አካል የሚነሣውን ካንሰር ነው። የካፖሲ ሳርኮማ ግን የሊምፍና የደም ሥሮችን ከውስጥ ከሚለብጡ ሕዋሳት ይነሣል። እንደ ብዙዎቹ ካንሰሮች ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ከመሰራጨት ይልቅ በብዙ ቦታ ባንድ ጊዜ ይፈላል። እብጠቱ በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ስለሆነ ቀይ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ጥቁር እስከ መምሰል ይደርሳል። ቢነካ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ ስሙ ውስጥ ያለው «ሥጋ» የሚረዳን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በሽታ ማወቅ የሚገባን ዋናው ነገር የደም ሥር ነገር መሆኑ ነው።

ከካፖሺ ረጅም ስም ውስጥ «የቆዳ» የምትለው ቃል መውደቋ ደግ ሆነ። በሽታው በቆዳ አያበቃም። አፍ ውስጥ ሲገባ በብዛት የሚታየው ላንቃ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕመም የሌለው ሐምራዊ ነቁጥ ሆኖ። ከዚያ አልፎ በማንቁርት፣ በአየር ቧንቧና በቅርንጫፎቹ ግድግዳ ላይ ይወጣል፤ ሳንባም ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ሰውየው ድምፁ ይሻክራል፤ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፤ ደም የቀላቀለ አክታ ይተፋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪም በቀጭን መመልከቻ ቧንቧ ወደ ውስጥ ቢያይ ቀያይና ሐምራዊ ነቁጦችን በግድግዳው ላይ ያገኛል። ናሙና ቆርጦ መውሰድ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ባየው ብቻ ይፈርዳል።

«ድምፁ ሻከረ» ማለታችን ከአንድ ጥንታዊ ስም ጋር ይገጥማል። የአየር ቧንቧው በሕክምና ቋንቋ «ትራኪያ» ይባላል፤ የግሪኩ ፍች «ሻካራዋ» ነው። ምኗ ሻካራ? ሙሉው ስም «አርቴሪያ ትራኬያ»፣ ሻካራዋ አርተሪ ነበር። በጥንቶቹ ግሪኮች አነጋገር «አርቴሪያ» መጀመሪያ የሚያመለክተው ይህንኑ የአየር ቧንቧ ነው። የሞተ ሰው ወይም እንስሳ ሲከፈት ዛሬ አርተሪ የምንላቸው ወፍራም የደም ሥሮች ባዶ ሆነው ይገኙ ስለነበር፣ እነሱም አየር የሚሸከሙ ቧንቧዎች ናቸው ተብሎ ስሙን ተጋሩ። የቅርጫጭት ቀለበቱ በጣት የሚሰማው ሻካራ ተባለ፤ ሌሎቹ ለስላሶች። በሁለተኛው መቶ ዘመን ሐኪሙ ጋሌን በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ሥሩን አስሮና ቆርጦ ደም እንዳለበት አሳየ። ስሙ ግን አልተመለሰም፤ «አርተሪ» ከደሙ ጋር ቀረ፤ አየሩ የሚያልፍበት ቧንቧ ቅጽሉን ብቻ ይዞ «ሻካራዋ» እንደተባለ አለ። በዚህ ረገድ የእኛዎቹ «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» ሥራቸውን በስማቸው የሚናገሩ ቃላት ናቸው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት አልተሸከሙም። የሚያሳዝነው በትምህርት ቤት ተምረናቸው በሕክምና ቦታ የማንሰማቸው መሆኑ ነው።

አየር የሚያልፍበትን መንገድ በተመለከተ ግን ከግሪክም ከላቲንም ርቀን የምናገኘው የራሳችን ሀብት አለ። ን-ፍ-ስ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይዘን ብንወጣ ነፋስን እናገኛለን፤ ከዚያ ነፈሰ፣ ተነፈሰ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ፣ መናፈሻ፣ በመጨረሻም ነፍስ። ጎማ ሲተነፍስ የምንለውና ሰው ሲተነፍስ የምንለው አንድ ግሥ ነው። ዐረብኛ በአናባቢ ብቻ ለይቶ ሁለቱን ያኖራል፤ «ነፍስ» ነፍስ፣ «ነፈስ» ትንፋሽ። ይህን ያህሉን ማንም ልብ ያለ ተናጋሪ ይደርስበታል። ከዚህ ወደ ጥልቁ ስንወርድ የምናገኘው ግን የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ በቀጥታ የሚነካ ነው። በአካድኛ፣ በጥንታዊቷ የመስጴጦምያ ቋንቋ፣ «ናፒሽቱ» ሕይወት ነው፣ ትንፋሽ ነው፣ ጉሮሮም ነው። በሶርያ ጠረፍ በኡጋሪት ከተማ በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈው ቋንቋም በዚህ ሥር ጉሮሮን ይጠራ ነበር፤ የመብላት ፍላጎትንም። በዕብራይስጥ «ኔፌሽ» ነፍስ እንደሆነ ሁሉ ሰባኪው ያውቀዋል፤ ነገር ግን በትንቢተ ኢሳይያስ 5፥14 ሲኦል ሰፊ አድርጋ የምትከፍተው «ኔፌሽ» ከአፏ ጋር ተጣምሮ የተጠራ ጉሮሮ ነው። መዝሙረኛው በዕብራይስጡ ቁጥር በ69ኛው፣ በእኛ በ68ኛው መዝሙር ላይ ውኃው የደረሰበትን ቦታ ሲናገር የተጠቀመበት ቃል ይኸው ነው፤ የሚሰጥም ሰው ውኃ የሚደርስበት አንገቱ ነውና ዛሬ ብዙ ተርጓሚዎች «አንገት» ይሉታል። የግእዙ ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ ስለተተረጎመ፣ ግሪኩም «ፕሲኬ» ብሎ ስላለፈው፣ ለእኛ የደረሰችው ነፍስ ብቻ ናት። ጉሮሮዋ በመንገድ ቀረ።

ይሁን እንጂ በአነጋገራችን ውስጥ አልጠፋም። «ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ» ላይ ያለ ሰው ስንል፣ ነፍስ የምትገባበትና የምትወጣበት በር እንዳለ አድርገን ነው የምንናገረው፤ የምትገባውና የምትወጣው ደግሞ ትንፋሽ ናት። ጉሮሮንም ከኑሮ አንለየውም። ደሞዙ የተቆረጠበት ሰው «ጉሮሮዬን ዘጉት» ይላል፤ የዕለት እንጀራ የሚያገኝበትን ሥራ «ጉሮሮዬን የምደፍንበት» ይለዋል። ኡጋሪቶች ጉሮሮንና የመብላትን ፍላጎት ባንድ ቃል እንደጠሩት ነው። «ጉሮሮ» ራሱ በግእዝ ጕርዔ ከሚለው ጋር ዘመድ ነው፤ የዕብራይስጡ «ጋሮን»ም ከዚያው ይመደባል። በላቲን «ጉርጉሊዮ» መባሉ ግን ከዝምድና የመጣ አይመስለኝም፤ ውኃ በጠባብ ቦታ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ሰው ሁሉ በየአገሩ የሰማው ነው።

የካፖሲ እብጠት በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚሆነውን ለመናገር አማርኛ የግእዙን ኀነቀ (በብዙኃኑ ኀ) አነቀ ብሎ ይዞታል፤ በዐረብኛም በዕብራይስጥም ወንድሞች አሉት። ከዚህ ግሥ የወጣው «ማነቆ» ዛሬ በየስብሰባው የሚሰማ ቃል ሆኗል፤ የበጀት ማነቆ፣ የመሬት ማነቆ፣ የአሠራር ማነቆ። በመደጋገም ብዛት አንገትን ረስቶታል። በማንቁርት በኩል ያለው ማነቆ ግን ልክ አለው፤ የአዋቂ ሰው የአየር ቧንቧ ስፋት ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ በድምፅ አውታሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከዚያም ይጠብባል። የአየር መንገድ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጉልበት በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ በብዙ እጥፍ ይዘላል። ለዚህ ነው ትናንት ደህና ያመሸ ሰው ትንሽ ብታብጥበት ዛሬ የሚጨነቀው።

ያን ጊዜ የሚሰማውን ድምፅ ሐኪሞች «ስትራይደር» ይሉታል። ላቲኑ የማጠፊያ ጩኸት፣ ሲጥ የሚል ነገር ነው። የእኛ ጆሮ ለዚህ «ሲር ሲር»፣ «ሲጥ ሲጥ» የሚል አለው፤ ማንኮራፋትን፣ ማለክለክን፣ ማቃሰትንም ለየብቻ ያውቃቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ማከል ይገባል። ድምፁ አየር ሲገባ ከሆነ የሚሰማው ጥበቱ ከላይ፣ ከማንቁርትና ከአየር ቧንቧው አናት አካባቢ ነው፤ ሲወጣ ከሆነ ከታች ከቅርንጫፎቹ። የታማሚ ልጅ ወይም ሚስት «ሲር ሲር ይላል» ካለች በኋላ «አየር ሲያስገባ ነው» ብላ ብትጨምር፣ ለሐኪሙ ከብዙ ወረቀት የሚበልጥ ነገር ሰጠችው።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የምፈራው ቃል «ማጣጣር» ነው። ሥሩ ጣር፣ የግእዙ ጻዕር፣ ብርቱ ሕመም ነው፤ «ጣረ ሞት» ከሞት ጋር አቆራኘው። ሰው እንዲህ ካለ ትንፋሽ ጋር ሲታገል ያየ ቤተሰብ «እያጣጣረ ነው» ይላል፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ ቄስ ይጠራል እንጂ መኪና አይፈለግም። ማንቁርቱ በእብጠት የተዘጋበት ሰው ግን ሳንባው ገና የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ የተዘጋው በር ነው። ከማንቁርት በታች አንገት ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ቢገባለት ይተነፍሳል። ይህን ሥራ «ትራኪዮስቶሚ» ይሉታል፤ «ስቶማ» አፍ ነውና ሻካራዋ ላይ አፍ ማውጣት ማለት ነው። እብጠቱ ከዚያ በታች ከሆነ አይጠቅምም፤ ከላይ ከሆነ ግን መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ ጊዜ ይገዛል።

«ሳል»ም ሳይነሣ አይታለፍም፤ የሥርወ ቃል ወዳጅ የሚደሰትበት ነውና። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ስለጣለ ሦስት የተለያዩ የግእዝ ግሦች «ሳለ» በምትል አንዲት ቃል ላይ ወደቁ። ሰዐለ በእሳቱ ሰ፣ የሚያስለው ነው፤ በዐረብኛም «ሰዐለ» ይኸው ነው። ሠዐለ በንጉሡ ሠ፣ ሥዕል የሚሥለው። ሰሐለ በሐመሩ ሐ፣ ቢላ የሚስለው፤ ራስ ሚካኤልን «ስሑል» ያሰኛቸው። ሦስቱን የሚለየን አሁን ዐውዱ ብቻ ነው። የጉሮሮ ድምፆችን ከቋንቋው ያጣን ሰዎች የጉሮሮን በሽታ ቃል ከሥዓሊና ከሞረድ ጋር አንድ ቦታ ማግኘታችን ይገርመኛል።

የካፖሺ አምስቱ በሽተኞች በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሽታው የሜዲትራኒያን አካባቢና የምሥራቅ አውሮፓ አረጋውያን በሽታ ተብሎ ይታወቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜ እግር ላይ ወጥቶ በዝግታ የሚሄድ። በዩጋንዳና በኮንጎ ደግሞ ሕፃናትንም የሚይዝ ሌላ መልክ ነበረው፤ በ1961 በካምፓላ ስለ እሱ ጉባኤ ተደርጓል። ሐምሌ 3 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኒው ዮርክና በካሊፎርኒያ 26 ወጣት ወንዶች በዚህ የአረጋውያን በሽታ መያዛቸውን ሲያወጣ ሐኪሞች የደነገጡት ለዚህ ነው። ከወር በፊት ይኸው ማዕከል ስለ አምስት ወጣቶች የሳንባ ምች ጽፎ ነበር። ሁለቱም አንድ ነገር ይናገሩ ነበር፤ የሰዎቹ ሰውነት መከላከል አቁሟል። በ1982 «ኤድስ» የሚለው ስም ወጣ። በኢትዮጵያ ኤድስን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤችአይቪ፣ በ1984 መኖሩ ተረጋገጠ፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ታወቁ።

«ኢሚዩኒቲ» የሚለው ቃል ሥሩ ከሕክምና ሩቅ ነው። በላቲን «ሙኑስ» ለሕዝብና ለመንግሥት የሚደረግ ግዴታ ነው፤ ስጦታም፣ ለሕዝብ የሚዘጋጅ ትርኢትም ይባላል። «ኢሙኒስ» ከዚህ ግዴታ ነፃ የሆነ ሰው። የእኛን «ግብር» አጠገቡ ብናስቀምጠው ደስ የሚል ጥምረት ይሆናል፤ ግብር ሥራ ነው፣ ለመንግሥት የሚከፈል ነው፣ ንጉሥ የሚያበላውም ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ሉካን በመጀመሪያው መቶ ዘመን የእባብ መርዝ የማይጎዳቸውን የሰሜን አፍሪካ ሰዎች በዚህ ቃል ጠራቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ሐኪሞች ወሰዱት፤ በሽታ ግብር የማያስከፍለው ሰውነት እንደማለት። በዜና የምንሰማው የባለሥልጣን «ያለመከሰስ መብት»ም በአውሮፓ ቋንቋዎች ያው ቃል ነው። እኛ «በሽታ የመከላከል አቅም» ብለን ከለከለ ከሚለው ግሥ ወሰድን፤ ነፃነት ሳይሆን ውጊያ። የእኛው ከነገሩ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ፤ ሰውነት ከበሽታ ነፃ ተብሎ አያውቅምና፤ ቀን ከሌት ይከላከላል።

መከላከሉ ሲዳከም የሚገቡት በሽታዎች በእንግሊዝኛ ከላቲኑ «ኦፖርቱኑስ» በተወሰደ ቃል ይጠራሉ፤ ወደ ወደብ የሚነፍስ ምቹ ነፋስ ማለት ነው። እኛ «ተጓዳኝ በሽታዎች» እንላለን። «ተጓዳኝ» ጓደኛ ከወጣበት ሥር የወጣ ስለሆነ ልቤ አይቀበለውም፤ በር ክፍት ሲያገኝ የሚገባ ሌባ እንጂ ጓደኛ አይደለም። ካፖሲም ከነዚህ ይመደባል፤ ካንሰር ይሁን እንጂ ከጀርባው ቫይረስ አለ። በ1994 በኒው ዮርክ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች፣ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር፣ አገኙት፤ ከሄርፒስ ወገን ስምንተኛው ነው። «ሄርፒስ» በግሪክ የሚሳብ፣ የሚዳህ ማለት ነው። ከዚሁ ወገን ሌላውን፣ ቆዳ ላይ እንደ መቀነት ዞሮ የሚያቃጥለውን፣ ሕዝባችን «አልማዝ ባለጭራ» ብሎ ሲጠራው ኖሯል፤ በ1990ዎቹ ማን ምን እንዳለበት ሰው በሹክሹክታ የሚገምተው በእሱ ነበር። የካፖሲው ቫይረስ ብዙ ጤነኛ ሰው ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። የሚነሣው ጠባቂው ሲደክም ነው፤ በኤችአይቪ፣ ወይም ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ የተተከለውን እንዳይገፋ በሚወስደው መድኃኒት። በእነዚህ ሁለተኞቹ ላይ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቀየር እብጠቱ የሚሟሽሽበት ጊዜ አለ።

በኢትዮጵያ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ በነፃ መሰጠቱ ይህን በሽታ ብርቅ አደረገው፤ አላጠፋውም። «ሲዲ ፎሬ (የመከላከያ ሕዋሴ ቁጥር) ጨመረ» ብሎ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው፣ ወይም ዘግይቶ የተመረመረ ሰው ላይ አሁንም ይታያል። ከዚህም ሌላ ጉዳት አለ። መድኃኒቱ ሲጀመር መከላከያው ያንሰራራል፤ ሲያንሰራራ ተኝቶ የነበረውን ጠላት በኃይል ስለሚገጥም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት እብጠቱ ሊብስ ይችላል። ቆዳ ላይ ቢብስ ያስጨንቃል፤ ማንቁርት ላይ ቢብስ ይገድላል። የሚደረገው ፀረ ኤችአይቪውን ሳያቋርጡ የካንሰር መድኃኒት መጨመር ነው፤ ብዙ ጊዜ ዶክሶሩቢሲን ወይም ፓክሊታክሰል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ወደ አንድ ቃል ለመምጣት ነው። «ካንሰር» በላቲን ሸርጣን ነው፤ ግሪኩ «ካርኪኖስ» ይለው ነበር። ጋሌን በጡት እብጠት ዙሪያ ያበጡትን ደም ሥሮች ከሸርጣን እግሮች ጋር አመሳሰላቸው። ዐረብኛ «ሰረጣን»፣ ዕብራይስጥ «ሰርታን» ብለው ሁለቱንም፣ እንስሳውንም በሽታውንም፣ ባንድ ቃል ይጠራሉ፤ በቴልአቪቭ ወይም በጅዳ ሆስፒታል የተቀመጠ አማርኛ ተናጋሪ የሚሰማው ይህን ነው። የእኛው «ሸርጣን» ያው ቃል ነው፤ ግን በእንስሳውና በኮከብ ቆጠራው መደብ ቀረ እንጂ ወደ በሽታ አልተሻገረም። ለበሽታው «ነቀርሳ» የሚል ሌላ ቃል አለን።

ችግሩ እዚህ ነው። «የጡት ነቀርሳ» ካንሰር ነው፤ «የማሕፀን ነቀርሳ» ካንሰር ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን ቲቢ ነው። አካሉ ሲቀየር በሽታው ይቀየራል። አውሮፓም በዚህ አልፏል፤ የላቲኑ «ካንሰር» በፈረንሳይኛ አፍ «ሻንክር» ሆኖ የአባላዘር ቁስል ስም ሆነ፤ ቃላቱ እስኪለያዩ ድረስ ዘመናት ወሰደ። «ቲቢ» ራሱ «ቱበርኩሉም»፣ ትንሽ ጉብታ፣ ከሚል ላቲን የመጣ ነው፤ ሐኪሞቹ ያን ጊዜ በዓይናቸው ያዩት ጉብታ ነበርና። ከ1882 በፊት፣ ሮበርት ኮኽ ባክቴሪያውን ሳያሳይ፣ የትኛው ጉብታ የምን እንደሆነ መለየት ለማንም ቀላል አልነበረም።

መከላከሉ በደከመ ሰው ደረት ውስጥ ግን ቲቢም ካፖሲም ሊምፎማም (የሊምፍ ካንሰር) ባንድነት ሊገኙ ይችላሉ፤ ሦስቱም ያስላሉ፣ ያከሳሉ። አንገት ላይ የወጣ ንፍፊት በአገራችን በብዛት የቲቢ ነው፤ ሊምፎማም ሊሆን ይችላል። ሊምፎማው ደረት ውስጥ ካበጠ የአየር ቧንቧውን ከውጭ ይጫነዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ተጋድሞ መተኛት አይችልም፤ ተቀምጦ ያድራል። ለምርመራ በጀርባው ማስተኛት ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ «ተጋድሞ መተኛት ካቆመ ስንት ቀን ሆነው?» የሚለው ጥያቄ ከበሽታው ስም በፊት መምጣት አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ስቴሮይድ ነው። ቃሉ «ስቴሬዎስ»፣ ጠጣር፣ ከሚለው ግሪክ ይነሣል፤ ከሐሞት ጠጠር ተለይቶ ከወጣው ኮሌስትሮል ጋር ዘመድ ነው። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ከዚህ ወገን ናቸው፤ ጉሮሮ ሲያብጥ ሐኪም በመጀመሪያ የሚያስባቸው እነሱ ናቸው። መከላከሉ ሲያንሰራራ የተቆጣ ቲቢን ያበርዳሉ፤ ይህ በጥናት ተረጋግጧል። ካፖሲን ግን ያባብሳሉ፤ ጠባቂውን መልሰው ስለሚያስተኙት እብጠቱ ይፋፋል። ያው ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ያው ሳል፣ ያው ክኒን፤ አንዱን ሲያድን ሌላውን ይጎዳል።

«አባታችን ነቀርሳ ነው ተብሏል» ብለው ከአንድ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላ ሆስፒታል ታማሚ ይዘው የሚሄዱ ልጆች ምን ይዘው እንደሚሄዱ አስቡት። የሰሚው ሐኪም አእምሮ ወደ ቲቢ ይሄድ ይሆናል፤ ወደ ካንሰርም ይሄድ ይሆናል። «ነቀርሳ» ከቋንቋችን ይውጣ አልልም፤ የቆየ፣ ክብደት ያለው ቃል ነው። ነገር ግን ስለ ደረትና ስለ ጉሮሮ ስንናገር «ቲቢ» ወይም «ካንሰር» ብለን ለይተን እንጥራ፤ ጋዜጠኛም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም፣ የሬዲዮ አቅራቢም። ታማሚን ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ ወረቀት ላይ ደግሞ ከስሙ ጎን ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ላንቃው ላይ ሐምራዊ ነቁጥ መኖር አለመኖሩ፣ ድምፁ መቼ እንደሻከረ፣ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት መቼ እንደጀመረ ወይም እንዳቋረጠ።